ማንም ያልገዛው የዓመት ካርድ

«ሊፍት ውስጥ ሰው ተይዟል» ሲባል መካኒኩ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ስንተኛ ፎቅ ላይ፣ ስንት ሰው። ማን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። ሀያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ሲኖር ከሣጥን የሚያወጣው ሰው ሙሽራም ይሁን ሌባ ግድ አልነበረውም። የዚያን ቅዳሜ ግን ሳይጠይቅ ተነገረው። ገና የመሣሪያ ቦርሳውን ከሞተር ሳይክሉ ሳያወርድ፣ የባለአሥር ፎቁ ሕንፃ ዘበኛ እየሮጠ መጥቶ ክንዱን ጨምድዶ ያዘው።

«ሊቄ! ማን እንደተያዘ ታውቃለህ? በረዶ!»

«የቱ በረዶ?»

«ስንት በረዶ አለን? ራሱ ነዋ! አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መሀል ተንጠልጥሎልሃል። እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ ጠቅልሎ፣ በሣጥን አሽጎ!»

ዘበኛው «ሊቄ» የሚለው ሊቀ መንበር ማለቱ ነው። መካኒኩ የክለቡ ደጋፊዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኖ ሰባት ዓመት አገልግሏል። በረዶ ደግሞ የክለቡ ባለቤት ነው። በማቀዝቀዣ መጋዘን ነው የከበረው፤ ስሙን ያወጡለት ግን በንግዱ ብቻ አይደለም። ቡድኑ አራት ለባዶ ሲሸነፍ ፊቱ አይጠቁርም፤ ዋንጫ ሲበላም አይፈካም። ሰውየው ሲያልበው ያየ የለም።

ይህ ሰው ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ገጽ ደብዳቤ አውጥቶ የከተማውን አሮጌ ስታዲየም ሊሸጥ መሆኑን አስታወቀ። ሜዳው ፈርሶ የገበያ ሕንፃ ይሠራበታል፤ ክለቡ ከከተማው ወጥቶ፣ ሁለት አውቶቡስ ተቀያይሮ በሚደረስበት አዲስ ሜዳ ይጫወታል። አለቀ። ሰባ ዓመት በአንድ ገጽ። ፊርማውም ከጽሑፉ ይበልጣል።

ደጋፊው ተቆጣ። ቁጣው አዲስ አልነበረም፤ አዲሱ ነገር መካኒኩ ያመጣው ሐሳብ ነው። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ሕዝቡ በመስኮት ሳይቀር ተንጠልጥሎ ሲያዳምጥ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ተናገረ። «ተጫዋቹን ይገዛል፤ አሰልጣኙን ይገዛል። ዳኛውንም የሚገዛ ይመስለኛል!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ጩኸቱን ግን መግዛት አይችልም። እኛ ከሌለን ሜዳ ማለት አጥር ያለው ሣር ነው። ላም ይልቀቅበት! ዘንድሮ የዓመት ካርድ የሚገዛ ሰው ከመካከላችን አይገኝ!» ግቢውን የሞላውን ጨምሮ አራት ሺህ ሰው እጁን አወጣ። ማለ። ያለቀሱም ነበሩ።

መሐላው ቀላል እንዳይመስላችሁ። የስታዲየሙ የምሥራቅ ደረጃ ላይ መቀመጫ አይገዛም፤ ይወረሳል። እያንዳንዱ አግዳሚ ላይ ቁጥር ተቀብቷል፤ ቁጥሩ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአክስት ወደ እህት ልጅ ይወርዳል። ቤቱን ሸጦ ቁጥሩን ያልሸጠ ሰው አለ። ሚስቱን ፈትቶ፣ በፍርድ ቤት ዕቃ ሲከፋፈል «ሁሉንም ትውሰድ፣ ቁጥሬን ብቻ» ያለም አለ። ታዲያ ቁጥሩ የሚጸናው በየዓመቱ ካርዱን በቀኑ ላደሰ ነው። ቀኑ ካለፈ ቁጥሩ ለመጣው ሁሉ ነው። ቀኑ ትናንት፣ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አለፈ።

የመካኒኩ አባት ግንበኛ ነበሩ። ያንን ደረጃ ኮንክሪቱን በአካፋ ካቦኩት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ ቁጥራቸው መቶ አሥራ ስምንት ነው። የእሱ መቶ አሥራ ሰባት። ሐሙስ ማታ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ቁጥሯ አለች አይደል፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁት። መሐላውን ሰምተዋል። ስለ መሐላው አንድም ቃል አልተናገሩም። ስለ ቁጥሯ ብቻ ጠየቁ። መካኒኩ ወጥቶ የቤቱ ደረጃ ሥር ቆመና በስልኩ ሁለት ካርድ ገዛ። ጣቶቹ የሰው ኪስ እንደሚገቡ ጣቶች ይቸኩሉ ነበር። ከዚያ ሰው ራሱን ሲያዋርድ የማያጣትን ሒሳብ አሰላ፦ ከአራት ሺህ ውስጥ ሁለት ቢጎድል ምን ይጎዳል?

ይህን ለማንም አልተናገረም። ዛሬም ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቦርዱ ሽያጩን ሊያጸድቅ አሥረኛ ፎቅ ላይ ሲሰበሰብ፣ ሕንፃው በር ላይ ሰልፍ ጠርቷል። በዚህ መሀል ነው ስልኩ የጮኸው።

«ስማ ሊቄ» አለ ዘበኛው ደረጃውን እየተከተለው። ስታዲየም ውስጥ ጥሩምባ የሚነፋው እሱ ነው፤ ሳንባው ግን ለደረጃ አልተፈጠረም፤ በየፎቁ ይቆማል። «ልመናዬ አንድ ነው፤ አታውጣው! መለዋወጫ ጠፋ በል። ከባሕር ማዶ ይመጣል በል።»

«ሥራዬ እኮ ነው።»

«ሥራህ ነው፤ ዕድላችንም ነው! ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ስትል የከረምከው አንተ አይደለህም? ይኸው፣ አንበሳው ራሱ ገብቶ ታስሮልሃል!»

መካኒኩ ሣቀ። መጀመሪያ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ከሞተር ክፍሉ ኃይሉን አጠፋ። ከዚያ ወደ አምስተኛ ፎቅ ወረደ። የሙያው ደንብ ነው፦ ሣጥኑን በእጅ ከመጎተትህ በፊት ለተያዘው ሰው ፊትህን ታሳየዋለህ፤ በክፍተቱ ሊሾልክ እንዳይሞክር ታስጠነቅቀዋለህ። ሲሾልክ ሣጥኑ የተንቀሳቀሰ ዕለት ከሰውየው የሚተርፈው ግማሹ ነው።

በባለሦስት ማዕዘኑ ቁልፍ የውጭውን በር ከፈተ። ሣጥኑ ከወለሉ በታች ቆሟል፤ የሚታየው ጣሪያውና የላይኛው ግማሹ ብቻ ነው። የውስጡን በር ስንዝር ያህል ገፋ አደረገው። የበረዶ ፊት ከመካኒኩ ጫማ ጋር ትክክል ሆኖ ብቅ አለ።

ሰውየው ክለቡን ከገዛ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ፊት ወደ ላይ አንጋጦ፣ ከክብር መቀመጫው መስታወት ኋላ ነበር ያየው። አሁን እግሩ ሥር ነው። አፍንጫው ከጫማው ማሰሪያ አንድ ክንድ አይርቅም።

«የሊፍት ጥገና ነኝ» አለ። «እንዳይንቀሳቀሱ። ለመውጣት እንዳይሞክሩ።» ወዲያው በራሱ ተናደደ። እርስዎ አለ! ደረጃው ላይ አራት ሺህ ሰው አስከትሎ «አንተ ሌባ!» እያለ የዘመረ አፍ፣ ፊት ለፊት ሲመጣ ቆብ አወለቀ።

«ሊቀ መንበር!» አለ ሰውየው ቀና ብሎ። «እርስዎ ነዎት እንዴ? ድምፅዎን ዐወቅሁት። በየሳምንቱ ነው የሚሰድቡኝ።»

«አንተ…» አለ መካኒኩ። ቃሏን በግድ ደገማት። «አንተ፣ አሥረኛ ፎቅ የምትወጣው ልትፈርም ነው?»

«ልፈርም ነው። ሚስጥር አይደለም እኮ።»

«እንግዲያው አትፈርምም። አልፈርምም ብለህ ካልማልህልኝ ከዚህ አትወጣም።»

ዘበኛው ከኋላ አጨበጨበ። «ንገረው! ይደር! ይክረም እዚያው!»

«አልፈርምም ብዬ እምላለሁ» አለ በረዶ።

መልሱ ለመካኒኩ ፈጠነበት። «ምን?»

«ይኸው ማልሁ። አሁን ያወጡኛል፤ አምስቱን ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ፤ ደርሼ እፈርማለሁ። ያን ጊዜ ምን ያደርጉኛል? እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ የታሰረ ሰው መሐላ ዋጋ እንደሌለው ያውቃሉ። ልዋሽዎት አልፈለግሁም።» ድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረም። የሚያናድደውም ይኸው ነበር።

መካኒኩ ጉልበቱ ላይ ወርዶ ወደ ክፍተቱ ጎነበሰ። «ፈርም! ፈርምና ለማን ታጫውታለህ? ማን ይከተልሃል? ትናንት ስንት ካርድ ሸጥህ? አሥር? ሀያ? ባዶ አግዳሚ ላይ ተቀምጠህ ለራስህ አጨብጭብ!»

ሰውየው ብብቱ ውስጥ ያቀፈውን ፋይል አየ፤ ከዚያ መካኒኩን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ሐዘኔታ ይመስላል።

«አያውቁም ማለት ነው» አለ። «እኔ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም፣ ሊቀ መንበር። ለሚስቴ እንኳ አልነገርሁም። አዲሱን ሜዳ የሚያሠራልኝ ባንክ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጠየቀኝ፦ ሕዝቡ ይከተላል ወይ? የካርዱ ሽያጭ ከወደቀ ብድር የለም፤ ብድር ከሌለ አዲስ ሜዳ የለም፤ አዲስ ሜዳ ከሌለ የድሮውን ልሸጠው አልችልም። አንድ ሺህ ሰው ብቻ ቢቀርብኝ ኖሮ ዛሬ ሰርዤው ነበር። አንድ ሺህ። አዳራሽ ውስጥ ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። ኃይሉ በእጃችሁ ነበር።»

«ነበር ማለት?»

ሰውየው ከፋይሉ ወረቀቶች አውጥቶ በክፍተቱ ወደ ላይ ሰደደለት። «ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስንዘጋ የቀረ ቁጥር የለም። አንድም። እንዲያውም እንዳምናው ሰልፍ የለም፤ ሁሉም በስልኩ፣ ቀስ ብሎ፣ ብቻውን ነው የገዛው። የካርዱን የግርጌ ጽሑፍ ደግሞ ያነበበ ያለ አይመስለኝም፦ ክለቡ በሚጫወትበት በማናቸውም ሜዳ ያገለግላል ይላል። ባንኩ ግን አንብቦታል።»

መካኒኩ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረ። ቁጥር፣ ስም፤ ቁጥር፣ ስም። አዳራሽ ውስጥ እያለቀሰ የማለው ሽማግሌ አለ። ከበሮ መቺው አለ። «የገዛ ሰው ደሙ ደመ ከልብ ነው» ብሎ ጨርቅ ላይ የጻፈው ሠዓሊ አለ፤ ከነወንድሞቹ። የማኅበሩ ጸሐፊ የሆነችው መድኃኒት ሻጭ አለች። መቶ አሥራ ሰባትና መቶ አሥራ ስምንት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ገጹን ገለጠ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ዓይኑ ቆመ። ቀና ብሎ ዘበኛውን አየው።

«አንተም?»

ዘበኛው መለዮውን አውልቆ ማገላበጥ ጀመረ። «እኔ አይደለሁም… ሚስቴ ናት። ለልጃችን ብላ… እኔ አላወቅሁም። ማለቴ ዐውቄያለሁ፤ ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው ምን ያጎድላል ብዬ…» ድንገት ጣቱን ወረቀቱ ላይ ቀሰረ። «ቆይ፣ ቆይ! መቶ አሥራ ሰባት ያንተ አይደለችም እንዴ?»

ከዚያ በኋላ ሁለቱም አልተያዩም። ከታች፣ ከሣጥኑ፣ በረዶ ጉሮሮውን ጠረገ። «በቅጡ አስበው ሥራዎን ይሥሩ፤ እኔ አልቸኩልም» አለ። «እዚህ ቀዝቀዝ ያለ ነው።»

መካኒኩ ሊተወው ይችል ነበር። በሩን ቢዘጋውና ቦርሳውን ተሸክሞ ቢሄድ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ መካኒክ ይጠራል፤ እሱ ፈቃዱን ይነጠቃል፤ ፊርማው ከስምንት ሰዓት ወደ ዘጠኝ ይዛወራል። ያ ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ ታሳሪው ማን ነው? ልብሱ ሳይጨማደድ ሣጥን ውስጥ ደረቱን ነፍቶ የቆመው ሰው ነው? ወይስ ቁልፉን የያዘውና የሚከፍተው በር ያጣው?

ሰገነቱ ላይ ወጣ። የፍሬኑን ዘንግ ለቆ መዘውሩን በእጁ አዞረ፤ ሣጥኑ ስንዝር በስንዝር ወደ አምስተኛው ፎቅ ተሳበ። ወርዶ በሩን ሲከፍትለት ሰውየው ክራቫቱን አቅንቶ ወጣ።

«አመሰግናለሁ። ዝርዝሩን ይያዙት፤ ቅጂ አለኝ» አለና በደረጃው፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ላይ ሄደ።

ዘበኛው ተከትሎት ወረደ። የሕንፃው በር ላይ ሲደርሱ እጅጌውን ሳብ አደረገው። «ሊቄ… ለማንም አንነግርም አይደል? አንተም የኔን፣ እኔም ያንተን።»

ውጭ መንገዱ ሞልቷል። ከበሮው ይመታል፤ የጨርቅ ሰሌዳዎቹ ተዘርግተዋል። «አንገባም! አንገዛም!» ይላል ሕዝቡ፤ ደም ሥሩ እየተገተረ። መካኒኩ እያንዳንዱን ፊት ያውቀዋል። አሁን ደግሞ የእያንዳንዱን ቁጥር። ዝማሬው ከዚህ በፊት ሰምቶት በማያውቀው ኃይል ይጮኻል፤ ለምን እንደሆነ ገባው። ሁሉም የጎረቤቱን ጆሮ ነው የሚያደነቁረው።

ጸሐፊዋ ድምፅ ማጉያውን እየሰጠችው «የት ጠፋህ ወንድሜ? ሕዝቡ እኮ እየጠበቀህ ነው» አለችው።

ወሰደው። ላይ አሥረኛ ፎቅ ላይ ገና ሰነድ ይነበባል፤ ጠበቆች ሲያነቡ ይዘገያሉ። አንድ ሺህ፣ ብሎታል ሰውየው። አንድ ሺህ ብቻ። ካርዱን አሁን ቢመልሱ፣ አሁን፣ እዚህ፣ ባንኩ ብድሩን ሳይለቅ! ለዚህ ግን አንድ ሰው ቀድሞ ራሱን መግለጥ አለበት።

«ወገኖቼ!» አለ። ጩኸቱ ጋብ አለ። «እኔ ገዝቻለሁ።»

የሳቀ ሰው ነበር፤ ቀልድ መስሎት።

«ሁለት ካርድ ገዝቻለሁ። የአባቴንና የራሴን። ሐሙስ ማታ፣ ደረጃ ሥር ተደብቄ።» ስልኩን አውጥቶ ከነካርዶቹ ወደ ላይ ያዘው። «ብቻዬን እንዳልሆንሁ ዐውቃለሁ። ማንንም አልጠራም። ግን የገዛችሁ ሁሉ እንደኔ እጃችሁን ብታወጡ፣ አሁኑኑ ገብተን ብንመልስ፣ ይሄ ሽያጭ ይቀራል! ከአፉ ሰምቻለሁ! አንድ ሺህ ሰው ይበቃል!»

ከበሮ መቺው ዱላውን አወረደ። ሕፃን ሲያስል ይሰማል። እጆች ወደ ኪስ ሲንቀሳቀሱ በዓይኑ አየ፤ ዛሬም ድረስ እምላለሁ ይላል፣ አይቷል። ከፊት የቆመው ሽማግሌ እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ ነበር። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ከፍታ ነበር። አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ክለቡ የእነሱ ነበር።

«ከሃዲ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ያ ድምፅ የሠዓሊው ነበር። ሽማግሌው እጁን ከኪሱ አወጣ፤ ባዶውን። «ከሃዲ!» አለ እሱም፤ ተገላግሎ። ከዚያ ሁሉም ጮኸ። «የሸጥኸን አንተ ነህ! ስንት በላህ? ከሕንፃው ሲወጣ አይቼዋለሁ! ከበረዶ ጋር ነበር!» ፊታቸው በራ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሆዳቸውን ሲበላቸው የነበረ ነገር ስም አገኘ፤ ስሙም የሌላ ሰው ሆነ። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። አፉ ግን ከሌላው ጋር ይንቀሳቀሳል።

መካኒኩ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ዝርዝሩ አለ። ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ከቁጥር አንድ ጀምሮ። ጸሐፊዋ ከኪሱ ብቅ ባለው ወረቀት ጫፍ ላይ ቁጥርና ስም ስታይ ተጠጋችውና ክንዱን ያዘች። 

«ምን እንደሆነ ዐውቄዋለሁ» አለች በሹክሹክታ። «እኔም አለሁበት። እናቴ… ተወው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ያንን ካነበብህ ነገ ማኅበር የሚባል ነገር የለም። ማንም ማንንም ዓይን ዓይኑን አያይም። አንተን ከጠሉህ ግን አብረው ይጠሉሃል።»

«ታዲያ አብረው ሆነው ምን ሊያደርጉ?»

እሷ እጇን ወደ ድምፅ ማጉያው ዘረጋች።  ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ተጨማደደ፤ ጣቶቹ ግን ሊያወጡት አልቻሉም። ቢያወጣው ማኅበሩን ይገድላል። ካላወጣው ማኅበሩ እሱን በልቶ ይኖራል፤ እንዲህ ያለ ማኅበር ደግሞ በረዶን አንድ ቀን እንቅልፍ አይነሣውም። ድምፅ ማጉያውን ከእጁ ስትወስደው አልተከላከለም።

«ጸጥታ! ጸጥታ ጠቅላላ ጉባኤ!» አለች። «ሊቀ መንበሩ ከኃላፊነት ይውረድ የምትሉ እጅ አውጡ!»

መንገዱ የእጅ ደን ሆነ። ሽማግሌው ሁለቱንም እጁን አወጣ። ልክ በዚህ ጊዜ የሕንፃው የምድር ቤት በር ተከፍቶ ፈርሞ የጨረሰውን በረዶን የጫነች ጥቁር መኪና ወጣች። ጥሩምባ አልነፋችም። ከሕዝቡ ኋላ በትዕግሥት ቆመች። ዘበኛው ከልማዱ የተነሣ ዞር ብሎ «መንገድ ልቀቁ!» አለ፤ ሕዝቡም እጁን እንዳወጣ፣ ማን እንዳለባት ሳያይ፣ ለሁለት ተከፈለ። መኪናዋ በመካከሉ ቀስ ብላ አለፈች።

«አንድ ድምፅ ሳይቀር» አለች ጸሐፊዋ።